ከስፌቱ በኋላ ያሉት ሳምንታት፦ የእጅ ጉዳትና የርቀት ሕክምና በሰሜን ሸዋ

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለተሰበሰቡ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የታካሚ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።)

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ ላስቸግራችሁ። ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን አንሡና፣ መሶብ ፊታችሁ የቀረበ ይመስል፣ እንጀራ ቆርሳችሁ፣ ወጥ ጠቅልላችሁ ጉረሱ። መልካም። አውራ ጣታችሁ ከሌባ ጣትና ከመሐል ጣት ጋር ሲገጥም፣ የእጅ አንጓችሁ ቀና ሲል፣ ክርናችሁ ሲታጠፍና ክንዳችሁ ዞሮ መዳፋችሁን ወደ አፋችሁ ሲመልስ አንዳችሁም አላሰባችሁበትም። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ማድረግ ስላቃታቸው ሰዎች ነው፤ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክም ለእነርሱ ምን እንደሚሠራላቸውና ምን ሊሠራላቸው እንደማይችል አብረን እናያለን። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን ካወለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የማወራው በአብዛኛው ስለዚያ ጊዜ ይሆናል።

እጅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ 27 አጥንቶች አሉት። ጣቶቻችን ውስጥ ግን የሚያጥፋቸውና የሚዘረጋቸው ጡንቻ የለም፤ ጡንቻው ያለው በክንድና በመዳፍ ውስጥ ሲሆን፣ ጣቱን የሚስበው እንደ ገመድ በተዘረጋ ጅማት ነው። ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ሁለት አጣፊ ጅማቶች አሉት፤ ሁለቱም ጎራዴ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ በአንድ ጠባብ ሰገባ ውስጥ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። የእጅ ጉዳት ከሌላው የአካል ጉዳት የሚለይበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ጭን ላይ የተሰፋ ቁስል ሲድን ጠባሳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ቢጣበቅ ሰውዬው ይራመዳል፤ በሰገባው ውስጥ የተሰፋ ጅማት ከሰገባው ጋር ከተጣበቀ ግን ጣቱ፣ ዝጎ እንደ ቀረ ጎራዴ፣ አይወጣም አይገባም።

ስለዚህ የተሰፋ ጅማት ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እንዳይጣበቅ መንቀሳቀስ አለበት፤ እንዳይበጠስ ደግሞ ከልክ በላይ መሳብ የለበትም። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 3 እስከ 5 ቀናት ውስጥ፣ እጁ በስፕሊንት፣ ማለትም ደግፎ በሚይዘው ጠንካራ ማሰሪያ፣ እንደተጠበቀ፣ ጣቶቹ ቀስ ብለው መንቀሳቀስ የሚጀምሩት። ስፕሊንቱ 6 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከባድ ነገር ማንሣት የሚፈቀደው ደግሞ 12 ሳምንት ገደማ ሲሞላ ነው። ልብ በሉልኝ፤ የተሰፋው ጅማት በጣም ደካማ የሚሆነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሕመሙ የሚታገሠው፣ ቁስሉ የሚደርቀው፣ ክሩ የሚወጣው፣ ታካሚውም «ዳንኩ» ብሎ ስፕሊንቱን የሚፈታው በዚያው ሰሞን ነው። አደጋውና መተማመኑ አንድ ሳምንት ላይ ይገናኛሉ፤ እኛ ደግሞ በዚያ ሳምንት አጠገቡ የለንም።

ከመንዝ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፤ ስሙንና ቀበሌውን አልጠራም። ገብስ ሲያጭድ ማጭዱ ስቶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች በመዳፉ በኩል ቆረጠው። አጫጆች እንደምታውቁት ግራ እጅ ዘለላውን ይጨብጣል፣ ቀኝ እጅ ያጭዳል፤ ማጭድ ሲስት የሚያርፈው ግራው ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሠራለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ስፕሊንቱን አየሁለት፣ እንቅስቃሴውን አሳየሁት፣ «ጋሼ፣ እጅዎን ያሳርፉ፣ ከባድ ነገር እንዳይነኩበት» አልኩትና በሳምንቱ እንዲመለስ ቀጠርኩት። የተመለሰው በአራተኛው ወር ነው። ሁለቱ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ደርቀዋል። ችላ ብሎት እንደሆነ ስጠይቀው አዘነብኝ። «ልጄ፣ እንዳልከኝ አሳርፌዋለሁ። እንደ እንቁላል ነው የጠበቅሁት፤ አንድ ቀን እንኳ አላነቃነቅሁትም» አለኝ። በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት፣ ለሦስት ወር ከደረቱ አላወረደውም።

ይህ ሰው የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሟል። ጥፋቱ በእኔ ቃል ላይ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አሳርፈው» ማለት አትንካው ማለት ነው። የታመመ ይተኛል፣ የተሰበረ ይታሰራል፣ የደከመ ያርፋል፤ ለእጅ ግን እረፍት ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም። ከዚያ ወዲህ «አሳርፉ» የሚለውን ቃል ትቼ «ጣቶቹ ይሥሩ፣ እጁ ግን አይሸከም» ማለት ጀምሬያለሁ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ፣ በአምስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ደውዬ «እስቲ ጋሼ፣ አሁን እጅዎ የት ነው ያለው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ «አንገቴ ላይ» ይለኝ ነበር። የዚያ ሰው ሁለት ጣቶች የጠፉት በሁለት ደቂቃ ስልክ እጦት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለምን በሳምንቱ አልመጣም ብላችሁ የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከመንዝ የሚመጣ ሰው ከቀበሌው ወደ መኪና መንገድ በእግሩ ወይም በበቅሎ ወጥቶ፣ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር ደርሶ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የሚዞረው። እጁ ታስሮ ስለሆነ የሚያጅበው ሰው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሰው ምግብ፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ሌሊት አልጋ ይከፍላል። ያውም በአጨዳና በውቂያ ወቅት፣ ያውም አንዱ ሠራተኛ ተጎድቶ ቤቱ እጅ ባጠረው ሰዓት። የመርሐቤቴው ሰው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ነው ወደ ትልቁ መንገድ የሚደርሰው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ስፕሊንቱን አይቼ፣ ጣቱን ለክቼ፣ «ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ» ለማለት፤ ይህም አሥር ደቂቃ አይወስድብኝም። ሰውዬው ሞኝ ስላልሆነ ለአሥር ደቂቃ ሁለት ቀን አይከፍልም።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ በአጭሩ ይህ ነው፤ ስልክ ቦታው ከስፌቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። የስፌቱን ቀን አይተካም፤ ከስፌቱ በፊት ያለውንም ሰዓት ከማሳጠር በቀር ሌላ አይሠራበትም። የርቀት ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ወይም ውጭ ሀገር ያለ ስፔሻሊስት በትልቅ ስክሪን ታይቶ የማይታወቅ በሽታ ሲፈታ ነው። ያም አለ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በህንድ ሀገር ካለ ሆስፒታል ጋር በሳተላይት የተገናኘበትን ዘመን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሐሳቡም ዛሬ የተወለደ አይደለም፤ ኔዘርላንዳዊው አይንቶቨን በሆስፒታል የተኙ ሰዎችን የልብ ምት መዝገብ በስልክ ሽቦ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራው ያስተላለፈው በ1905 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። ለእኛ ለእጅ ሠራተኞች የሚጠቅመን ግን ከዚህ በጣም ዝቅ ያለው፣ ተራው፣ በየሳምንቱ የሚደጋገመው ስልክ ነው።

ከዚህ በፊት ግን የማይሆነውን ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው እጅ ያስቆርጣል። ስልክ አይዳስስም። ቁስል ውስጥ ገብቶ ጅማት መቆረጡን አያይም፣ ራጅ አያነሣም፣ ትኩሳትን በመዳፉ አይለካም። የቆዳው ቁስል ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከሥሩ ያለው ጅማትና ነርቭ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ የማጭድ ጫፍ የአንድ ጥፍር ያህል ቀዳዳ ከፍቶ ሁለቱንም ሊበጥስ ይችላል። በመዳፍ በኩል የተቆረጠ ጣት ካልታጠፈ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ፣ በአካል መታየት አለበት። ሰው ሲመቱ በጥርስ የተቀደደ የቡጢ ቁስልም እንዲሁ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ታካሚውም ምክንያቱን ይደብቃል፣ መገጣጠሚያው ግን ከውስጥ ይመግላል። የመውቂያ ማሽን ወይም የወፍጮ ቺንጋ የጎተተው እጅ ቆዳው ባይቀደድ እንኳ ጡንቻው ከውስጥ ሊጨፈለቅ ስለሚችል በፎቶ አይዳኝም።

ስለ ጥብቅ እስር ለብቻው ልናገር። ልጅ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ክርኑ አካባቢ ይሰበራል፤ ወጌሻ ጋ ይወሰዳል፤ በሸንበቆ ተደግፎ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። «አጥንቱ ሲገጥም ያማል» ይባላል። ልቅሶው ግን ምልክት ነው። እብጠቱ ከእስሩ ጋር ተጋፍቶ ደሙን ሲዘጋው ጡንቻው በውስጥ ይታፈናል፤ 6 ሰዓታት ያህል እንዲህ ከቆየ ጉዳቱ ወደማይመለስበት ደረጃ ይሄዳል፤ ከተረፈም እጁ እንደ ጥፍር ተኮራምቶ ይቀራል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎልክማን ይህንን ከጥብቅ እስር ጋር አያይዞ የጻፈው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ጋ ግን አሁንም የሕፃናት እጅ ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ወጌሾችን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው፤ ብዙዎቹ እጃቸው የሚያውቅ ሰዎች ናቸው፣ ሰውም የሚያምናቸው በከንቱ አይደለም። ስልካቸውን ይዤ የምደውልላቸው ወጌሾች አሉኝ፤ የምነግራቸውም አንድ ነገር ነው። ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ከባሰ፣ ጣቶቹን በቀስታ ቀና ስታደርግለት ልጁ ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ መጀመሪያ እስሩን ፍታ፣ ከዚያ ደውልልኝ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ደውሎ መልስ እስኪያገኝ እስሩን ሳይፈታ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

በመጀመሪያው ቀን ስልክ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ታካሚው ከመነሣቱ በፊት ነው። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና እጁን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ቀለበትን ጣት ሳያብጥ ማውለቅ፣ የቡና ዱቄትም ሆነ አመድ ቁስሉ ላይ አለመነስነስ፤ ይህ ሁሉ በስልክ ይነገራል። ጣት ከተቆረጠ ቁራጩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ፣ ያ ፌስታል በረዶ ባለበት ውኃ ላይ ይቀመጣል፤ በረዶ በቀጥታ እንዳይነካው። በረዶ ከየት ይመጣል ብትሉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ከሱቅ ማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስም ከምንም ይሻላል። በቅዝቃዜ የተያዘ ጣት እስከ 24 ሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ጡንቻ ያለው ክንድ ግን ያን ያህል አይታገሥም። የተቆረጠ ጣት ሁሉ ይመለሳል ማለቴ አይደለም፤ በማጉያ መነጽር የደም ሥር የሚሰፋበት ቦታ በሀገራችን ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን ባይመለስ እንኳ የቁራጩ ቆዳ ለመሸፈኛ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በዚያው ስልክ ይጠየቅ።

አሁን ወደ ሳምንቶቹ ልመለስ። ከርቀት እጅን ማየት ይቻላል ወይ? ከሌላው አካል ይልቅ ይቻላል። ሆድ ካልተዳሰሰ፣ ልብ ካልተደመጠ አይታወቅም፤ እጅ ግን ሥራውን ከውጭ የሚሠራ አካል ነው። ችግሩ ፎቶው ነው። ወደ እኔ የሚላከው ፎቶ ብዙ ጊዜ ማታ በአምፖል ሥር፣ ነጭ ጋቢ ላይ፣ አንድ እጅ ብቻ ተነሥቶ ይመጣል። ነጭ ጨርቅ ካሜራውን ያታልለዋል፤ እጁ ጠቁሮ ይወጣል። ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፉ፣ ቀን፣ በመስኮት ወይም በደጃፍ ብርሃን፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሡ። ሁልጊዜ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን፤ ጤነኛው እጅ ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ መለኪያ ነው። አንድ በመዳፍ፣ አንድ በጀርባ፣ አንድ በጎን፣ አንድ ደግሞ እስከሚችለው ጨብጦ። ፊት አይግባ።

እዚህ ላይ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ሳይነግሩን የቀሩትን አንድ ነገር ልጨምር። ኢንፌክሽን ሲነሣ ቆዳው ይቀላል ይላሉ። የእኛ ቆዳ አይቀላም፤ ቢቀላም ካሜራው አያሳየውም። እኔ የምፈልገው መስመርን ነው፤ በጣት መገጣጠሚያ ላይ ያሉት የቆዳ እጥፋቶች በጤነኛው እጅ ሲታዩ በታመመው ጠፍተው ቆዳው ተወጥሮ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እብጠት አለ። ሙቀቱን ደግሞ አጠገቡ ያለው ሰው በእጁ ጀርባ ነክቶ ከሌላው እጅ ጋር አወዳድሮ ይንገረኝ።

ይህንን የተማርኩት በገዛ ስሕተቴ ነው። አንድ ማታ እሾህ ጣቱን የወጋው ወጣት ፎቶ ተላከልኝ። ፎቶው ጨለማ ነበር፤ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚታየው። «ትንሽ አብጧል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፍዘፈው፣ ጠዋት ደውሉልኝ» አልኩና ተኛሁ። ጠዋት አልደወሉም፣ እኔም አልደወልኩም። በሁለተኛው ቀን ማታ ሲመጣ በጣቱ ሰገባ ውስጥ መግል ሞልቶ ነበር። ካናቬል የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ለዚህ በሽታ ያስቀመጣቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ፤ ጣቱ በግማሽ ታጥፎ ይቆያል፣ ዙሪያውን እኩል ያብጣል፣ በመዳፍ በኩል በሰገባው መስመር ሲነካ ያማል፣ ቀና ሲደረግ ደግሞ ሕመሙ አይቻልም። አራቱንም በስልክ መጠየቅ እችል ነበር፤ አንዱንም አልጠየቅሁም። ጣቱ ተርፏል፤ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ አይታጠፍም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ልማድ ያዝኩ፤ የወጋ ነገር በተነገረኝ ቁጥር «ጣቱን በቀስታ ቀና ያድርጉለት፤ ምን አለ?» እላለሁ፤ «ጠዋት ደውሉልኝ» ማለቱንም ትቼ እኔው እደውላለሁ።

እንቅስቃሴን መለካት ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ቪዲዮ ካለ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲነሣ አንዱን ነርቭ፣ አውራና ሌባ ጣት ክብ ሲሠሩ ሌላውን፣ ሌባና መሐል ጣት ሲጠላለፉ ሦስተኛውን እናያለን። ካፓንጂ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ከታካሚው እጅ ሠራው፤ አውራ ጣት የሌባ ጣትን ጫፍ ከነካ 3፣ የትንሿን ጣት ጫፍ ከነካ 6፣ ከትንሿ ጣት ሥር ወርዶ የመዳፉን መስመር ከነካ 10 ይሰጠዋል። ቪዲዮ ከሌለስ? «ሲጨብጡ በጣትዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል የሌላኛው እጅዎ ስንት ጣት ይገባል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጣት፣ ዛሬ ሁለት ጣት። የአባቶቻችን ልክ ነው፤ ማንም ሰው ሳይማረው ያውቀዋል፣ በተራ ስልክም ይነገራል። ለሕፃን ደግሞ ነርቩ የተቆረጠ እንደሆነ መጠየቅ ስለማይሆን፣ እናቲቱ እጁን ለ30 ደቂቃ ያህል በለብታ ውኃ እንድትዘፈዝፈው አደርጋለሁ፤ ሌሎቹ ጣቶች ተጨማድደው አንዱ ልሙጥ ከቀረ፣ ያ ጣት ነርቩ እንደማይሠራ ያጠራጥራል፤ ልጁም መምጣት አለበት።

ተራ ስልክ ያልኩት በዋዛ አይደለም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በቴሌግራም ፎቶ ላይ የተገነባ ክትትል ሁሉ በአንድ ቀን ቆመ። ድምፅ ግን በብዙ ቦታ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ነው በቪዲዮ ብቻ የሚሠራ የርቀት ሕክምና ለእኛ የሚሆን እንዳልሆነ የገባኝ። አሁን ለእያንዳንዱ ታካሚ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር እንስማማለን፤ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምደውል፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ወይም ደጃፍ የት እንደሆነ፣ ስልኩ ባይነሣ የምደውልለት ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ። የገበያ ቀን ጥሩ ነው፤ ሰው ከተማ ስለሚወጣ ኔትወርክ ያገኛል፣ ስልኩም ቻርጅ ይደረጋል።

ስልኩን ማን ይያዝ የሚለው ከስልኩ ዓይነት ይበልጣል። አንድ እጁ የታሰረ ሰው የገዛ እጁን ቪዲዮ ማንሣት አይችልም፤ ይህን ግልጽ ነገር እኔም ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። በብዙ ቤት የምትይዘው ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለች ልጅ ናት፤ እውነቱን ልናገርና ከብዙ ባለሙያ የተሻለ ትይዘዋለች። ልጅ በሌለበት ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ማንም ስለ እጅ ጅማት አላሰበም፤ ሥራችሁ በእናቶችና በሕፃናት ተጨናንቆ እንዳለም አውቃለሁ። የምለምናችሁ ትንሽ ነው። ስፕሊንት ያሠረ ሰው በቀበሌያችሁ ካለ፣ በመንገዳችሁ ስትገቡ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉና ደውሉልኝ፤ የጣቱን ጫፍ ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለሱን፣ የስፕሊንቱ ጠርዝ ቆዳውን አለመብላቱን፣ ጨርቁ ከታዘዘው በላይ አለመጥበቁን እዩልኝ። እጃችሁ የእኔ እጅ ይሆናል።

ሴት ታካሚዎች ላይ የሚገጥመን ሌላ ነው። ወንድ እጁ ሲታሰር ጎረቤት ያርስለታል፣ ወንፈል አለ፣ ደቦ አለ። ሴት እጇ ሲታሰር ግን ሊጡ ያው ይጠብቃታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ስፕሊንቷን ፈትታ ታቦካለች፣ እንስራ ታነሣለች፣ ጅማቷም ይበጠሳል። ለእርሷ መንገር ከንቱ ነው፤ እርሷማ ታውቃለች። ስለዚህ ስልኩን ለባሏ ወይም ለአማቷ እንድትሰጠኝ እጠይቃትና «እማማ፣ ልጅዎ ለ6 ሳምንት የእጅ አራስ ናት» እላለሁ። አራስ ምን እንደሚደረግላት በዚህ ሀገር የማያውቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዲት አማት «ታዲያ ገንፎም ላብላት?» ብለው አስቀውኛል። ቢያበሏት ጥሩ ነው አልኳቸው።

ልምምዱን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣው ላስቲክና እንደ ሸክላ ጭቃ በእጅ የሚጨመቀው መለማመጃ የለንም፤ አያስፈልገንምም። ክንድ ለማዞር ባዶ ጀበና ይዞ ቡና እንደሚቀዳ ማጋደልና መመለስ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ውኃ እየጨመሩበት መሄድ። ለጣት ጫፍ ምስርና ባቄላ ከሰፌድ ላይ እየለዩ ማንሣት። ለሦስቱ ጣቶች ቅንጅት ሱፍ በእንዝርት መፍተል፤ በመንዝ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየትም አላገኘሁም። ለጭብጥ ኃይል ሊጥ፤ ግን ከ12ኛው ሳምንት ወዲያ። በስልክ «በቀን አሥር ጊዜ እጠፉት» ብላችሁ ስትነግሩት ይረሳል፤ «ቡና በተፈላ ቁጥር» ብትሉት አይረሳም።

የጣት ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አልነሣ ሲል ግን ልምምድ የለም፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌትና ቀን ይታሰራል፤ አንድ ጊዜ ለመታጠብ ሲባል ከወደቀ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እንዲህ ላለው ጉዳት ስልክ ብቻውን ይበቃል ለማለት እደፍራለሁ፤ በየሳምንቱ «ወድቆ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው ሥራው። ነርቭ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተሰፋ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ግማሽ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጣቱ ምጣድ ላይ ቢቃጠል አይሰማውም፤ በኅዳር ውርጭ ደግሞ ከሌሎቹ ጣቶች በላይ ያመዋል፤ ታካሚው «ተመልሶ ታመመብኝ» ብሎ ይደነግጣል። የሱፍ ጓንት አድርግ፣ እሳት አጠገብ ግን በሌላው እጅህ ንካ ብዬ መንገር የወሩ ስልክ ሥራ ነው።

ስለ ገመና ሁለት ቃል ብቻ። የታካሚ ፎቶ በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ለሚያየው ባለሙያ ብቻ፣ በፈቃድ፣ ከዚያም ከስልካችሁ ይጥፋ። የተነገረውም ነገር ቀኑ ተጽፎ በካርዱ ላይ ይስፈር፤ በስልክ የተሰጠ ትእዛዝ ካልተጻፈ ቀጣዩ ባለሙያ ሌላ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ታካሚውም ሁለቱንም ይተዋል።

አሁን የእኔ ንግግር አልቋል፤ ሥራችሁ ይጀመራል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስልካችሁን አውጡ። አንዳችሁ ሁለቱንም እጆቻችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ፣ ሌላችሁ በመዳፍ፣ በጀርባ፣ በጎንና በጭብጥ አራት ፎቶ አንሡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ግን መጀመሪያ አንሡልኝ፤ በመስኮቱ በኩል ያላችሁ መጋረጃውን ክፈቱ።